ማለዳ የምታስለው ዲኤክስ

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንዲት አሮጌ መኪና ታሪክ ነው። መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ አገሩ ሁሉ ዲኤክስ የሚላት። እ.ኤ.አ. በ1983 የተሠራች፣ 1290 ሲሲ ሞተር የተሸከመች፣ ቤንዚኗን በካርብራተር የምትቀበል፣ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በአካሏ የሌለ። አዳሯ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ በተከለለች መጠለያ ነው። ወሩም ኅዳር ነው።

የአዲስ አበባን ኅዳር የኖረበት ያውቀዋል። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሌሊት ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር የቀኑን ሙቀት የሚያቆይ ደመና የለም፤ ንጋት ላይ ብርዱ ከአሥር ዲግሪ በታች ይወርዳል። ወደ እንጦጦ በተጠጋችሁ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ዲኤክሷ የምታስለው በዚያ ሰዓት ነበር።

ባለንብረቷ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል፤ እኛም እንደ ሰፈሩ እንጥራቸው። መኪናዋን የገዟት ሟች ባላቸው ነበሩ። ሲስተር ጡረታ ቢወጡም ሥራ አልተዉም። ማለዳ የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ያደርሱና ከቤት መውጣት ያቃታቸውን ሕመምተኞች ቁስል ሊያጥቡ፣ መርፌ ሊወጉ ይዞራሉ። ዲኤክሷ ቆመች ማለት እነዚያ ሰዎች ጠባቂ አጡ ማለት ነው።

ሕመሟ እንዲህ ነበር። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ፈጥኖ ያዞራል፤ ሞተሩ ሁለቴ ሦስቴ እምቢ ይልና ይነሣል። ከተነሣ በኋላ ግን መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ መስጫውን ረገጥ ሲያደርጉት ኃይል በመስጠት ፈንታ ትንፋሽ ያጥራትና ልትጠፋ ትላለች። ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ እውነትም ትጠፋለች። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ስለሚያልቅ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። የልጅ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ይህ ሲደርስ ምን ዓይነት ድንጋጤ እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። አራት ኪሎን አልፋ ስትሄድ ግን ሁሉም ይተዋታል። ቀኑን ሙሉ አንዲት እንከን የላትም።

ሲስተር መኪናዋን ለመካኒክ ማሳየት ጀመሩ። የመጀመሪያው ጋራዥ አራቱንም ካንዴላ ቀየረ። ሁለተኛው ኮይሉንና የካንዴላ ገመዶቹን ቀየረ። ሦስተኛው ካርብራተሩን አወረደና አጠበ፤ ሚኒሞውንም፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አደረገው። ሚኒሞው ከፍ ሲል ጠዋት መጥፋቷ ትንሽ ቀነሰ። በምትኩ ከሞቀች በኋላ መብራት ላይ ቆማ ትጮኻለች፣ ማርሽ ሲገባ ወደፊት ትወረወራለች፣ ቤንዚኑንም ትጨርሰዋለች። አራተኛው ጋራዥ የኮምፕሬሽን መለኪያ አስገባና የወጣውን ቁጥር ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር አስተያየ፤ «ሞተሩ ደክሟል፤ ይከፈት፣ ፋሻ ይቀየር» ብሎ ፈረደ። ዋጋውን ሲሰሙ ሲስተር መኪናዋን ይዘው ተመለሱ።

አራቱም ጋራዦች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ዲኤክሷ እያንዳንዳቸው ዘንድ የደረሰችው ከተማውን አቋርጣ፣ ሞቃ ነው። አራቱም ያዩት የቀኑን ሞተር ነው። የንጋቱን ሞተር ያየው የለም።

አንድ ጎረቤት ታዲያ፣ «ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ከሶማሌ ተራ ብዙ አይርቁም። እጃቸውን ከፊያት ሰይቼንቶ ዘመን ጀምሮ ያሟሹ ናቸው፤ እሳቸው ይዩልዎት» ብሎ መራቸው። ሲስተር ሄዱ። ሽማግሌው ከረዳታቸው ጋር አንድ ላዳ ሥር ነበሩ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ወጡ፤ ሰላምታ ተለዋወጡ። ሲስተር ኮፈኑን ሊከፍቱ እጃቸውን ሲሰዱ ሽማግሌው ከለከሏቸው።

«ይተዉት ሲስተር። አይክፈቱት።»

«ጋሼ፣ ሳያዩት እንዴት ይሆናል?»

«እስቲ መዳፍዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ።»

ሲስተር ኮፈኑ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። ይሞቃል።

«አዩ? ይህ ሞተር አሁን ደኅና ነው። ደኅና ሞተር ብከፍት ወይ ምንም አላገኝም፣ ወይ የሌለ በሽታ ፈጥሬ አስከፍልዎታለሁ። የታመመው ሞተር ያለው ንጋት ላይ፣ እርስዎ ግቢ ነው። ነገ ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ ቁልፉን እንኳ እንዳይነኩት። አሁን ግን ይቀመጡና ይንገሩኝ።»

ሲስተር አርባ ዓመት ገደማ የሕመምተኛ ካርድ የጻፉ ሰው ናቸው። ከቦርሳቸው ደብተር አወጡ። የዲኤክሷን ጠዋቶች በየቀኑ መዝግበዋቸዋል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉና ረዳታቸውን ጠሩት። «ና አንተ፣ ይህን ስማ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሁልጊዜ አታገኝም።»

ሲስተር አነበቡ። ሞተሪኖው በፍጥነት ያዞራል። ሽማግሌው፣ «ባትሪው ከነገሩ የለበትም» አሉ። ዝናብ ሲዘንብ ካደረበት ቀን ይልቅ ብርድ ያደረበት ቀን ይብሳል። «ስለዚህ እርጥበት የሚያስተው ገመድ አይመስልም፤ እናየዋለን።» ከማርሚታው ነጭ እንፋሎት ይወጣል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ጥቁር ጭስ የለም፤ የጥሬ ቤንዚን ሽታ የለም። እዚህ ላይ ሽማግሌው ጣታቸውን አነሡ። «ይህን ይድገሙልኝ።» ሲስተር ደገሙት። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ቆማ ስትነሣ ምንም አትልም። የቾኩ እጀታ ጠዋት ጠዋት እስከ መጨረሻው ይሳባል።

«እስከ መጨረሻው?» አሉ ሽማግሌው።

«እስከ መጨረሻው።»

«ጥቁር ጭስም የለም፣ ሽታም የለም?»

«የለም።»

ሽማግሌው ወደ ረዳታቸው ዘወር አሉ። «አሰላስለው። ነገ ትነግረኛለህ።»

ልጁ እያሰላሰለ ይደር፤ እኛ እስከዚያ ነገሩን እንመርምረው። ፈሳሽ ቤንዚን እንደ ፈሳሽነቱ አይነድም፤ የሚነደው ተንኖ ከአየር ጋር የተቀላቀለው ነው። የታጠበ ልብስ በቀትር ፀሐይ ቶሎ ሲደርቅ በብርድ ጠዋት ግን ውሎ እንደሚያድር፣ ቤንዚንም በቀዝቃዛ ብረት ላይ ቶሎ አይተንም። ካርብራተሩ የሚረጨው ነዳጅ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚወስደው ማኒፎልድ ግድግዳ ላይ እየረጠበ ይቀራል፤ ወደ እሳቱ የሚደርሰው ቀላሉ ክፍል ብቻ ነው። የሞቀ ሞተር ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ሞተር የሚደርሰው ትነት እንዲበቃው ነዳጁ በርካታ እጥፍ ሊጨመርለት ይገባል። ይህን የሚያደርገው ቾክ ነው። ቾክ በካርብራተሩ አፍ ላይ ያለች ቀጭን ክዳን ናት፤ ስትዘጋ አየሩን ትቀንሳለች፣ የሞተሩም ስበት ነዳጁን አብዝቶ ይጎትታል።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ጉዳይ አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ የአየሩ ጫና በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርብራተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ይሳሳበትና ነዳጅ ያበዛል። ስለዚህ የአገራችን መካኒኮች ነዳጁ የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ ጂግለሩን፣ በጠባቡ እየለወጡ ነዳጁን ይቀንሳሉ፤ ልክም ናቸው። ነገር ግን ነዳጁ በልክ የተቀነሰለት ሞተር ብርድ ሲመጣበት የሚመነዝረው ትርፍ የለውም። ለእርሱ የቾክ ነገር የሞት የሽረት ነው።

አሁን ወደ ሲስተር ግቢ እንሂድ።

ሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው ጋቢ ደርበዋል፤ ልጁ የመሣሪያ ሣጥን፣ የእጅ ባትሪና ውኃ መርጫ ፕላስቲክ ይዟል። ልጁ ወደ መጠለያው ገብቶ ቁልፉን ሊያዞር ሲል ሲስተር ጮኹ።

«ተው ልጄ! መጀመሪያ ገፍተን እናውጣት። በተዘጋ ቤት ሞተር አይነሣም። የከሰል ጭስ አፍኗቸው ተኝተው የቀሩ ስንቶቹን በእጄ ገንዤአለሁ፤ የመኪና ጭስም ያው ነው።»

እውነታቸውን ነው። ነዳጅ የበዛበት ቀዝቃዛ ሞተር ሽታ የሌለውን ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ከሞቀው በብዙ አብልጦ ይተፋል። ሦስቱም ተጋግዘው መኪናዋን ወደ ግቢው መካከል ገፏት።

ሽማግሌው አሁንም ቁልፉን አላዞሩም። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው በባትሪ አዩ፤ ውኃው አልጎደለም። የዘይቱን መለኪያ ስበው አዩ፤ ዘይቱ ወተት አልመሰለም። «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ውኃ እያስገባ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ይነግረን ነበር» አሉ። ነጩ እንፋሎትም እንግዲህ ተፈጥሯዊ ነው ማለት ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይወልዳል፣ ያ ውኃ በቀዝቃዛው ማርሚታ ውስጥ ሲያልፍ ይታያል።

ቀጥሎ በካርብራተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ መስታወት በባትሪ አበሩባት። የቤንዚኑ ከፍታ በመስታወቷ ላይ ካለው ምልክት ጋር ትክክል ነው። ሌሊቱን አልፈሰሰም፣ አልጎደለም። የአየር ማጣሪያውን ክዳን አነሡና ልጁን የነዳጁን ማንቀሳቀሻ በእጁ እንዲጎትት አዘዙት፤ ከካርብራተሩ አፍ ውስጥ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ተተኮሰ። ፔዳል ሲረገጥ ተጨማሪ ነዳጅ የምትሰጠው ትንሿ ፓምፕ ጤነኛ ናት።

«ሲስተር፣ እስቲ ቾኩን እንደ ወትሮው ይሳቡት።»

ሲስተር እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ሽማግሌው ልጁን ወደ ካርብራተሩ አፍ ጎንበስ አደረጉት።

«ምን አየህ?»

ልጁ ዝም ብሎ ቆየ። «ጋሼ፣ ክዳኗ ግማሽ ላይ ቀርታለች።»

«አሃ! ትናንት ያሰላሰልከውን አሁን ንገረኝ።»

«ቾኩ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ ኖሮ ጥቁር ጭስ ወይም የቤንዚን ሽታ ትንሽ እንኳ ይኖር ነበር። ሲስተር ምንም የለም ብለዋል። ስለዚህ ሞተሩ ነዳጅ ጠምቶት ነው የሚንቀጠቀጠው፤ በዝቶበት አይደለም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገር ግን ካቻቢቴ አላነሡም። ልጁ ሊያስተካክል ሲል እጁን ያዙት። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ የታሪኩ አንኳር እዚህ ነው። አንድ ስህተት ማግኘትና በሽታውን ማግኘት ይለያያሉ። አሮጌ መኪና ላይ ስህተት ሞልቷል፤ ጥያቄው የትኛው ነው የሚያንቀጠቅጣት የሚለው ነው። እርሱን የሚመልሰው ራሱ ሞተሩ ነው፤ ሲጠየቅ።

«አሁን አስነሣት» አሉ።

ሞተሩ ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ። ገና ጨለማ ነው። ሽማግሌው የእጅ ባትሪውን አጠፉና በካንዴላ ገመዶቹና በኮይሉ ላይ ውኃ በስሱ ረጩ። የሚያፈስ ገመድ ቢኖር በጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ያሳይ ነበር። ምንም የለም። የሞተሩም ድምፅ አልተለወጠም። እሳቱ ጤነኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ ካርብራተሩ አፍ ሰደው ያቺን ግማሽ ላይ የቀረች ክዳን ቀስ አድርገው ዘጉአት። ሞተሩ ጸጥ አለ። ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ መንቀጥቀጡን ተወና ለስለስ ብሎ መዞር ጀመረ። ሲስተር አፋቸውን ያዙ። ሽማግሌው ጣታቸውን አነሡ፤ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። እንደገና ዘጉአት፤ ተወው። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። አንድ ዕቃ ሳይገዛ፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ ሞተሩ የጎደለውን ተናገረ።

«አበቃ በሉኛ» አለ ልጁ ደስ ብሎት።

«አላበቃም። ቾኩ ግማሽ ቢሆንም ይህን ያህል መንቀጥቀጥ አልነበረባትም። ትርፍ አየር የምታገኝበት ሌላ ቀዳዳ ይኖራል።»

የውኃ መርጫውን ተቀበሉና በካርብራተሩ እግር ዙሪያ፣ ከማኒፎልዱ ጋር በሚገጥምበት ስፌት ላይ፣ ጠብ ጠብ አደረጉ። በአንደኛው ጥግ ላይ ውኃው ወደ ውስጥ ተመጠጠ፤ የሞተሩም ድምፅ ለቅጽበት ተለወጠ። ቀዳዳው ተገኘ። ልጁ፣ «ሌላ ቦታ ካርብራተር ማጽጃ ሲረጩ አይቻለሁ» አለ። ሽማግሌው ተቆጡ። «በዚህ ሞተር ላይ የነዳጁ መግቢያና የጭሱ መውጫ በአንድ ወገን፣ አንዱ በአንዱ ላይ ነው ያለው። የሚነድ ነገር በጋለ ብረት ላይ ረጭተህ የሰው ንብረት ልታቃጥል ነው? ውኃ ይበቃሃል።»

ያ ስፌት ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚሰፋ ይጠባል፤ ሲቀዘቅዝ ይከፈታል። ስለዚህ ነው ካርብራተሩን ያወረደውና ያጠበው ጋራዥ ያላየው። እንዲያውም ያንኑ አሮጌ ጓርኒሲዮን መልሶ ገጥሞት ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌው አሁንም አልጨረሱም። የልጁን እጅ ይዘው ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ በሚሄደው የላይኛው ጎማ ቱቦ ላይ አሳረፉት። «እዚህ ላይ አቆየው። የሚሆነውን ንገረኝ።» ሞተሩ እየዞረ ነው።

«ጋሼ፣ ቀስ በቀስ ለብ እያለ ነው።»

«አሁኑኑ?»

«አሁኑኑ።»

«ቴርሞስታት የላትም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ያለ በር ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ተዘግቶ ይቆያል፤ ውኃው 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይከፈታል። በሩ ካለ የላይኛው ቱቦ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ድንገት ይግላል። በሩ ከሌለ ውኃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ወደ ራዲያተሩ እየሄደ ስለሚቀዘቅዝ ሞተሩ ሳይሞቅ መንገዱን ያጋምሳል። ሲስተር ትዝ አላቸው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ መኪናዋ ውኃ አፍልታ አንድ መካኒክ «ይህቺ ናት የምታስፈላው» ብሎ አንዲት ክብ ነገር አውጥቶ ጥሎ ነበር።

ያ መካኒክ የፈራው በከንቱ አልነበረም። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጫናውን አፍኖ ካልያዘ ውኃው ከባሕር ጠረፍ ይልቅ እዚህ ቶሎ ይፈላል። መድኃኒቱ ግን ክዳኑን መለወጥና የተደፈነውን ራዲያተር ማጠብ ነበር። በሩን መጣል በየማለዳው ሞተሩን ከብርድ ጋር አጋፍጦታል።

አሁን ነግቷል፤ ሞተሩም በመጨረሻ ሞቋል። «አሁን ደግሞ ሙቅ ሞተር የሚጠየቀውን እንጠይቀው» አሉ ሽማግሌው። ካንዴላዎቹን አውጥተው የኮምፕሬሽን መለኪያ አስገቡ፤ አንድ በአንድ ለኩ። አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ቁጥር ሰጡ።

«ይህን ቁጥር አይተው ነው ፋሻ ይቀየር ያሉን» አሉ ሲስተር።

«መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ነው ሲስተር። እዚያ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ9 ብዙ አይርቅም፤ የሚምገው አየር ራሱ ሳስቷልና። እኛ አገር ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ከማስተያየት በፊት እርስ በርሱ አስተያየው። አራቱ ተቀራርበዋል፤ ይህ ሞተር ብዙ ዘመን ይኖራል።»

ሲስተር በዚህ ጊዜ ዕንባቸው መጣ። አንድ ደኅና ሞተር ለጥቂት ሊበለት ነበር፤ በብዙ ገንዘብ።

ጥገናው ከዚህ በኋላ ቀላል ነበር። የቾኩ ሽቦ ከመቆንጠጫው ውስጥ ተንሸራቶ ነበር፤ ክዳኗ ሙሉ በሙሉ እንድትዘጋ ተደርጎ እንደገና ተጠበቀ፤ እጀታው ሲመለስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መከፈቷ ታየ። ካርብራተሩ ተነሣ፤ እግሩ አለመጣመሙ በብረት ማስመሪያ ተፈተሸ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ከወረቀቱ ላይ በልኩ ተቆርጦ ገባ፤ ብሎኖቹ ተራ በተራ፣ ያለ ጉልበት፣ ተጠበቁ። ልጁ ሶማሌ ተራ ተልኮ ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ክዳንና ከጭስ ማውጫው ብረት ላይ ሙቅ አየር ወደ ማጣሪያው የምታመጣውን፣ ማን እንደጣላት የማይታወቀውን ቱቦ ፈልጎ አመጣ። ራዲያተሩም ታጠበ።

ቴርሞስታቱን ግን ሽማግሌው እንደመጣ አልገጠሙትም። በሲስተር ማድቤት ድስት ውስጥ ውኃ ጥደው፣ በክር አንጠልጥለው ከቴርሞሜትር ጋር ነከሩት። ሦስቱም ምድጃው ዙሪያ ቆመው ጠበቁ። ቁጥሩ 82 አካባቢ ሲደርስ በሩ ቀስ እያለ ተከፈተ። «አዲስ ዕቃም ይጠየቃል» አሉ ሽማግሌው። በመጨረሻ፣ ሞተሩ ሙቅ ሳለ፣ ያንን ከፍ የተደረገ ሚኒሞ ወደ ልኩ መለሱት።

አነዳዷንም ነገሩአቸው። ጠዋት ቾኩን ሙሉ ስበው ያስነሡ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆመው አያሙቁአት፤ ሞተር ቆሞ ከሚሞቀው በዝግታ እየሄደ የሚሞቀው ይፈጥናል። እየሞቀች ስትሄድ ቾኩን በጥቂት በጥቂቱ ይመልሱ። ተስቦ ከተረሳ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥበዋል፣ ካንዴላውንም ያጠቁረዋል። ሲስተር ይህንን ሁሉ በደብተራቸው ጻፉት።

በማግስቱ ንጋት ሽማግሌው አልቀሩም። ጥገና የሚረጋገጠው በሽታው በሚመጣበት ሰዓት ነውና። ዲኤክሷ በመጀመሪያው ተነሣች፤ ሳትንቀጠቀጥ ቁልቁለቱን ወረደች።

ሒሳብ ሲደርስ ሲስተር ተገረሙ። ዕቃው ሁሉ ተደምሮ ከዚያ በፊት ካወጡት ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነው። የሽማግሌው የእጅ ዋጋ ግን ከዕቃው ይበልጣል። ሽማግሌው አላፈሩበትም። «የከፈሉኝ ለማለዳው ነው ሲስተር። ለመጠየቁ።» ሲስተርም በደስታ ከፈሉ። እኔም ይህን ዋጋ እደግፋለሁ። ዕቃ ለዋጭ መካኒክ በዕቃው ላይ ያተርፋል፤ ጠያቂ መካኒክ ግን የሚሸጠው ጊዜውንና አእምሮውን ነው። ያንን ካልከፈልን ጠያቂ መካኒክ አይኖረንም።

ከሳምንታት በኋላ ያ ረዳት ልጅ ብቻውን የወጣበት ቀን መጣ። አንድ የታክሲ ሹፌር ያረጀች ቪትዝ ይዞ መጣ፤ እሷም ጠዋት ትንቀጠቀጣለች፣ ሲሞቅ ትተዋለች። ቪትዝ ካርብራተር የላትም፣ የሚሳብ ቾክም የላትም። የቾኩን ሥራ የሚሠራው ኮምፒዩተሯ ነው፤ ሞተሩ መቀዝቀዙን የሚነግረው ደግሞ ውኃው ውስጥ የተነከረ ትንሽ የሙቀት ሴንሰር ነው። ልጁ መኪናዋን አሳደራት። ንጋት ላይ፣ ሳትነሣ፣ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅሎ በቴስተር ለካው። እንዲህ ያለ ሴንሰር 20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ግን ከ200 እስከ 400 ኦም ያሳያል፤ ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ ይጨምራል። ሌሊቱን በብርድ ያደረው ይህ ሴንሰር ከ3,000 በላይ ማሳየት ሲገባው 400 አሳየ። ለኮምፒዩተሩ በየማለዳው «ሞተሩ ሙቅ ነው» እያለ ሲዋሽ ኖሯል፤ ኮምፒዩተሩም አምኖት ነዳጁን ይቆጥብ ነበር። ልጁ አንድ ሴንሰር ለወጠ። ሌላ ምንም አልነካም።

ይህን የምተርክላችሁ በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉን ዲኤክሶች፣ ቪትዞችና ላዳዎች ግን ገና ብዙ ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ሕመምተኛ ያመላልሳሉ፣ ቤተሰብ ያበላሉ። እነሱን በየጊዜው በግምት እየፈታን፣ ደኅናውን ዕቃ እየጣልን የምንዘልቅበት አቅም የለንም።

ስለዚህ መኪናችሁ በብርድ የምታስል ከሆነ እንዲህ አድርጉ። የምታዩትን ጻፉ፤ ሞተሪኖው እንዴት እንደሚያዞር፣ የጭሱን ቀለም፣ ሽታውን፣ ሕመሙ የሚተዋትን ቦታ። መኪናዋን በዋዜማው ምሽት ውሰዱና ጋራዡ ውስጥ አሳድሯት፤ ወይም መካኒኩን በማለዳ ጥሩት፣ ለማለዳውም ክፈሉት። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ያ ዕቃ ጥፋተኛ መሆኑ በምን እንደታወቀ ጠይቁ። «እስቲ ቀይረን እንየው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። «ነገ ጠዋት፣ ሳትነሣ ልያት» የሚል መካኒክ ካገኛችሁ ግን ቁልፉን ስጡት።